ከድሬ እስከ ሐረር፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ

ስልኬ የጠፋው ከሐረር በተመለስን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከቦርሳዬ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወርጄ ስዳብስ የለም። ያንገበገበኝ የስልኩ ዋጋ አልነበረም። ከአራት መቶ በላይ ፎቶግራፍ ውስጡ ነበር። አባቴ የባቡሩን መስኮት ተደግፈው፣ አባቴ ድሬዳዋ አሮጌው ጣቢያ በር ላይ ቆመው፣ አባቴ በጀጎል ግንብ ሥር ከልጅ ልጆቻቸው ጋር። ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" እያልኩ ነበር የሰነበትኩት።

ሥራ ይዞት አብሮን ያልሄደው ባለቤቴ "አይዞሽ፣ ሌላ ጊዜ ሁላችንም እንሄዳለን" አለኝ። ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አባቴ 79 ዓመታቸው ነው። ከጉዞው በፊት በነበረው ዓመት ጀበና ጥደው መርሳት፣ ከሰፈር ሱቅ ሲመለሱ የራሳቸውን በር አልፈው መሄድ ጀምረው ነበር። ሐኪማቸው መርሳቱ እየቆየ የሚጨምር እንጂ የሚመለስ እንዳልሆነ ቀስ አድርጎ ነግሮናል። ወደ ድሬ የሄድነውም በእሳቸው ጥያቄ ነበር። "ሳልረሳት አንዴ ልያት" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ትልቋ ልጄ ከአልጋዋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣችና ምግብ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። በጉዞው ሁሉ "ኧረ ቆሻሻ አትልቀሚ!" እያልኩ ስቆጣት የነበረው ዕቃ ነው። አራት የባቡር ትኬት፣ የምሳ ደረሰኞች፣ ከጠርሙስ ላይ የተላጠ የሐረር ቢራ ምልክት፣ የደረቀ የዛፍ ቅጠል፣ የሙዚየም መግቢያ ትኬት፣ ያልተቀደደች የስኳር ከረጢት፣ የጨርቅ ቁራጮች፣ አንድ የዛገ ዳዶ፣ አራት ላይ የታጠፈ የደብተር ወረቀት።

ከጉዟችን የቀረን ይኸው ነበር። ዛሬ ያ ቆርቆሮ በእጅ የተሰፋ ባለ ሰማንያ ገጽ መጽሐፍ ሆኗል። እንዴት እንደሆነ፣ ደግሞም በመዘግየታችን ምን እንዳጣን ልንገራችሁ።

ባቡሩ

ልጆቹ የግማሽ ዓመት ፈተና ጨርሰው ዕረፍት ላይ ነበሩ። ገና ጎህ ሳይቀድ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ደረስን። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ለመንገደኛና ለጭነት መደበኛ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴ ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጆሯቸውን አቅንተው ቆዩ። "አይጮህም እኮ!" አሉኝ በመጨረሻ፣ ቅር እንዳላቸው።

አባቴ ድሬዳዋ በሚገኘው የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ለ22 ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርተዋል። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ስንመጣ ግን ገና ሕፃን ስለነበርኩ ድሬን የማውቃት በወሬ ነው።

ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ የፈንታሌ ተራራ ብቅ አለ። ከአዋሽ በኋላ አገሩ ጠፍ እየሆነ፣ ግራሩ እያጠረ፣ ግመሉ እየበዛ ይሄዳል። ትንሹ ልጄ ግመል መቁጠር ጀምሮ ሃምሳ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ጣለው። አባቴ ከሚኤሶ ጀምሮ የጣቢያዎቹን ስም ከሰሌዳው በፊት ይጠሩ ነበር፤ ሙሉ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ሁርሶ። ትናንት ምሳ ምን እንደበሉ የማያስታውሱ ሰው አንዷን አልሳቱም። በመሃል ከትልቋ ደብተር ላይ ወረቀት ቀደዱና አንድ ነገር ጽፈው፣ አራት ላይ አጥፈው እጇ ውስጥ ከተቱላት። "ያዢልኝ" አሏት። እሷም ሳትከፍተው ኪሷ ውስጥ አስቀመጠችው። ይህችን ወረቀት አስታውሱልኝ።

አንቱታ የሌለበት ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የመጀመሪያው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣቱ ከባድ ስለሆነበት ሜዳውን ይዞ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ዛሬም ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው። በአንድ በኩል በባቡሩ ዘመን በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ የተሠራችው ከዚራ፣ በሌላ በኩል ጠመዝማዛዋ መጋላ አለች።

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ወደ አሮጌው ጣቢያ ሄድን። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። አባቴ እዚህ ይሠሩ እንደነበር ስነግረው ፊቱ በራ። "አቦ! ምን ቆመሃል ታዲያ? ና ግባ፣ ቤትህ አይደል እንዴ!" አላቸው።

ልጆቼ ደነገጡ። ታላላቆቻቸውን "እርስዎ" እንዲሉ ነው ያሳደግኳቸው። አባቴ ግን እንባ እስኪያወጣቸው ሳቁ። በድሬ አንቱታ የለም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውን አንተ ይላል፣ ማንም አይቀየምም። "ድሬ መግባቴን አሁን አመንኩ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅ ልጆቻቸው "አንተ" እንዲሏቸው አዘዙ። እኔ አልቻልኩበትም፤ ልጆቼ ግን ወዲያው ለመዱት።

ግቢው ውስጥ ዝገት የበላቸው ፉርጎዎች ቆመዋል። አባቴ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ በእጃቸው ይነካኳቸው ነበር። አንድ ቦታ ላይ አጎንብሰው ከአፈሩ ውስጥ ዳዶ አነሱና ለትልቋ ሰጧት። እኔ ፎቶ በማንሳት ተጠምጄ ነበር። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

ሽቅብ ወደ ሐረር

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጡ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። የሐረማያን ሐይቅና የአወዳይን ጫት ተራ አልፈን በሸዋ በር በኩል ጀጎል ገባን። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ አምስቱ የጥንት በሮች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ዩኔስኮ ከተማውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ትልቋ አንዱ ሰፊ እግር ሥር የወደቀ ብጥስጣሽ ስታይ ቆመች፤ ሰውዬውም ሳይጠየቅ አንድ እፍኝ ሰጣት። አንደኛው ቁራጭ ሁለት መዳፍ የሚያህል ወይን ጠጅ ጨርቅ ነበር። አባቴ ትንሽ ራቅ ብለው ዝም ብለው ቆመው ነበር። ደክሟቸው መስሎኝ ወደ ጥላው ወሰድኳቸው።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦቹን ለማየት ሄድን። ትንሹ ልጄ ሥጋ የተሰካበትን ስንጥር ይዞ ጅቡ ከእጁ ሲወስድለት ትንፋሹን ውጦ ቆመ። እህቱ ስንጥሩንም ለቆርቆሮዋ ፈልጋው ነበር፤ ሽታው አድኖናል።

በመጨረሻው ቀን በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎበኘን። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት ከየቤቱ የሰበሰቡት ቅርስ ነው። እኔን ያቆሙኝ በእጅ የተጻፉት መጻሕፍት ናቸው። ሐረር ለዘመናት በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1855 የመጣው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እንኳ ጥረዛዋን በጉዞ መጽሐፉ አድንቋል። በቆዳ የተለበጡ፣ በማኅተም የተዋቡ ሽፋኖች ናቸው። አንዳንዶቹ የገጾቹን ጠርዝ አቧራ እንዳይነካው የሚከድን ምላስ የመሰለ ቁራጭ ቆዳ አላቸው።

"እማ፣ ይኼን ሰው ነው የሠራው?" አለችኝ ትልቋ። በእጁ ማለቷ ነው። አዎ አልኳት።

በሰሜኑም የአገራችን ክፍል ጥረዛ የራሱ ሙያ አለው። ብራናው እየታጠፈ ጥራዝ ይሆናል፤ ጥራዞቹ እርስ በርስ በሰንሰለት ስፌት ተያይዘው ከእንጨት ሽፋን ጋር ይሰፋሉ። ቆዳ ለብሶ፣ በጋለ ብረት ተደጉሶ፣ ማኅደር ውስጥ ይገባል። አያቶቻችን ደግሞ በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ የልጅ ልደት፣ የሰው ሞት ይጽፉ ነበር። መጽሐፉ የጸሎት ነው፤ ዳር ዳሩ የቤተሰብ ነው። እኛ የሠራነውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሰባት ወር

መጽሐፉን ቶሎ ሠራነው ብላችሁ ደስ ባሰኛችሁ ነበር። አልሠራነውም። ቆርቆሮው ጠረጴዛ ላይ በተገለበጠበት ቅዳሜ "መጽሐፍ እናድርገው" ተባባልን፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ሥራው፣ ጾሙ፣ በዓሉ መጣ። ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ላይ ሰባት ወር ተቀመጠ። አንድ ቀን ጉንዳን ተሰልፎ ሲወጣበት አየሁ፤ የስኳር ከረጢቷ ተቀዳ ነበር። የምሳ ደረሰኞቹን ሳወጣ ደግሞ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቀለሙ እየደበዘዘ ይጠፋል። ድሬ የበላነው ምሳ፣ ዋጋውና ቀኑ ጭምር፣ እንዳልነበረ ሆኗል።

የዚያን ዕለት ማታ ጠረጴዛውን ጠረግንና አባቴን መሃል አስቀምጠን ጀመርን።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እጃቸው ላይ አኖርን። መጀመሪያ ዳዶውን። ከዘጠና ቀን በፊት የሆነውን የማያስታውሱት አባቴ ዳዶውን በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጉትና "የፉርጎ ነው። ጥርሱ የተበላ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለውን አንጥልም ነበር፣ እንደገና እናወጣዋለን" አሉ። ጥርስ በቶርኖ እንዴት እንደሚወጣ ለትንሹ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሣሉለት። ትልቋ እየተከተለች ጻፈች። ዳዶው ለመጽሐፍ ወፍራም ስለሆነ ስስ ወረቀት ደርበንበት በእርሳስ ጎን ቀስ ብለን አሸነው፤ ስድስቱም ጎኑ፣ የተበላው ጥርሱም ወረቀቱ ላይ ወጣ።

ከዚያ ወይን ጠጁ ጨርቅ መጣ። አባቴ ይዘውት ብዙ ቆዩ።

"እናትሽን ቀሚስ ያሰፋሁላት እዚያ ነው" አሉኝ።

"የት?"

"ሐረር። መኪና ግርግር። የሠርጓን። ልኳን በቃሌ ነው የነገርኩት፣ እጅጌው አጠረ። ሠርጉ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። 'ምንም አይደል' አለችና በነጠላ ሸፈነችው።"

የእናቴ የሠርግ ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። በፎቶው ላይ ሁለት እጇን በነጠላ ሸፍናለች። ለጨዋነት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ካረፈች 12 ዓመት ሆኗታል፤ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሐረር ላይ አባቴ ዝም ብለው የቆሙት ደክሟቸው አልነበረም። እኔ ግን ስልኬን ይዤ ሌላ ነገር አነሳ ነበር። ያ ፎቶ ባይጠፋ ኖሮ እንኳ የሚያሳየው ጥላ ሥር የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነው።

እንዴት እንደተሠራ

ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። እኛ የተጠቀምነው ሃያ ያልተሰመረ ኤ4 ወረቀት፣ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ሽፋን፣ ወስፌ፣ ወፈር ያለ መርፌ፣ የጫማ ሰፊ ክርና ቁራጭ ሰም ነው። ክሩን በሰሙ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስባችሁ ብታሹት አይፈታም፣ አይተበተብም።

ወረቀቶቹን አምስት አምስት አድርጋችሁ መሃል ላይ እጠፉና አንዱን በሌላው ውስጥ አግቡ። ይህ አንድ ጥራዝ ነው፤ ሃያ ገጽ ይወጣዋል። እኛ አራት ጥራዝ አደረግን። ባቡሩ አንድ፣ ድሬ አንድ፣ ሐረር አንድ፣ መመለሻው አንድ። በየጥራዙ እጥፋት ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ገጾቹ ላይ ዕቃ ሲለጠፍባቸው መጽሐፉ እንደ ጠገበ ሆድ ይነፋና አልዘጋም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመስፋታችሁ በፊት 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የወረቀት ቁራጮች ለሁለት አጥፋችሁ በእጥፋቱ መሃል፣ በወረቀቶቹ መካከል አስገቡ። አብረው ይሰፋሉ፤ ጀርባውን አወፍረው ለዕቃው ቦታ ይፈጥራሉ።

የመጽሐፉ ጀርባ ያ የመኪና ግርግር ጨርቅ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 21 ሴንቲ ሜትር ቁመት አድርገን ቆረጥነው፤ መሃሉ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት አራት መስመር አሰመርን። እያንዳንዱ ጥራዝ በአንድ መስመር ላይ ከጨርቁ ጋር ይሰፋል። መርፌው ከጥራዙ ውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በላይኛው ይገባል፣ በውስጥ በኩል መሃሉን አልፎ በታችኛው ይወጣል፣ ተመልሶ በመሃሉ ይገባል። የክሩ ሁለት ጫፎች በውስጥ ያለውን ረጅም ክር መሃል አድርገው ይቋጠራሉ። ትንሹ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛውን ጥራዝ የሰፋው እሱ ነው። ትንሽ ጠማማ ነው፤ አልፈታነውም።

አራቱ ከተሰፉ በኋላ የጨርቁ ግራና ቀኝ ክንፍ ከካርቶኖቹ ጋር ይጣበቃል። ማጣበቂያውን ቤት ሠራነው። አንድ ሲኒ ፍርኖ ዱቄት በአራት ሲኒ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ለስለስ ባለ እሳት ላይ እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ ማማሰል ነው። ሲቀዘቅዝ በብሩሽ በስሱ ይቀባል። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ይኮመጥጣልና የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ። ከተጣበቀ በኋላ ከባድ ነገር ጭናችሁበት ይደር፤ እኛ ሁለት የስልክ ማውጫና አንድ ሙቀጫ ጫንበት።

ስኮች አትጠቀሙ። በዓመቱ ይቢጫል፣ ቆይቶም ወረቀቱን ይዞ ይላቀቃል። ትኬትን ሙሉ ጀርባውን ከማጣበቅ አራት ማዕዘኑን የሚይዝ ቅንጣቢ ወረቀት መለጠፍ ይሻላል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ቢኖር ይነበባል። ደረሰኝን በደረሳችሁ ቀን ፎቶ ኮፒ አስደርጉ። ቅጠልን በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ፍራሽ ሥር ሁለት ሳምንት አቆዩት። የሚበላ ነገር፣ ስኳርም ይሁን ቡና፣ መጽሐፍ ውስጥ አይግባ፤ ምክንያቱን ጉንዳኖቹ አስተምረውናል። ለማይለጠፈው ትንንሽ ነገር ከካኪ ፖስታ ላይ ኪስ ቆርጣችሁ የመጨረሻው ሽፋን ላይ ለጥፉ።

የሚጻፈው

መስፋቱ በሁለት ማታ አለቀ። የቆየብን ጽሑፉ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። መጀመሪያ ትልቋ ከቅጠሉ ሥር "ቅጠል፣ ድሬዳዋ" ብላ ጽፋ ነበር። ቅጠል መሆኑን ማንም ያያል። ታዲያ አንድ ደንብ አወጣን። በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ማን እንዳነሳው፣ በዚያን ሰዓት ማን ምን እንዳለ ይጻፍ። አሁን ገጹ እንዲህ ይላል፦ "ይህን ቅጠል ያነሳሁት ከዚራ ነው። አባባ 'ይህን ዛፍ ሳውቀው ከእኔ ያጥር ነበር' አለ። እማማ አላመነችውም።" አባቴ በተናገሩት ቃል፣ "አቦ"ውም ሳይወጣ ይጻፋል። ማን ጻፈው የሚለውም ይታወቅ ዘንድ በኮምፒውተር አላስጻፍነውም፤ የትንሹ ልጄ "ጅብ" ግማሽ ገጽ ትይዛለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስተኛው ማታ ላይ አራት ላይ የታጠፈችው ወረቀት ደረሰች።

ትልቋ ከፈተቻት። በአባቴ እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ "17" ይላል። ሌላ ምንም የለም።

"አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው? ባቡሩ ላይ 'ያዢልኝ' ያልከኝ" አለችው።

አባቴ ወረቀቷን ወደ መብራቱ አስጠጉ። ገለበጧት። "የእኔ ጽሑፍ ነው" አሉ። ቀጥሎ ዝም። እኔ መገመት ጀመርኩ፤ የቤት ቁጥር ይሆን? የጋራዡ ሣጥን? የሆነ ሰው ዕድሜ? በየግምቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲጨነቁ ሳይ ተውኩት። "ነገ ይመጣልኛል" አሉን።

አልመጣላቸውም። በነጋታውም ጠየቁ፣ በሳምንቱም ጠየቅናቸው። ባቡሩ ላይ የነበሩት፣ የጣቢያዎቹን ስም ከሰሌዳው በፊት የሚጠሩት አባቴ ያውቁት ነበር። በተመለስን ሳምንት ብንጠይቃቸውም ምናልባት ይነግሩን ነበር። እኛ ግን ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለን ሰባት ወር ጠበቅን። የስልኩን መጥፋት ሌባ ላይ ማሳበብ ይቻላል፤ የዚህችን ግን በማንም ላይ ማሳበብ አልችልም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ከጉዞ ስትመለሱ ፎቶውን የምትገለብጡትን ያህል ቆርቆሮውንም ገልብጡ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አብሯችሁ የተጓዘው ትልቅ ሰው ባለበት። ለስፌቱ ጊዜ ባይኖራችሁ ስፌቱ ይቆይ። ትኬቱ ጀርባ ላይ ግን ቃሉን በእርሳስ ጻፉ። የሩቅ አገር ጉዞም አያስፈልግም። ወላጅ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስም፣ ቁልቢ ወርዶ መምጣትም ቆርቆሮ ይሞላል።

መጽሐፉ አሁን አባቴ አልጋ አጠገብ ነው። እናቴ የሰፋችው የድሮ የጨርቅ ከረጢት ማኅደር ሆኖለታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ክፍላቸው ስትገባ ያወጡታል። አንዳንድ ቀን የራሳቸውን ንግግር አንብበው "ይኼ ሰውዬ ባቡር ያውቃል" ይላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዳዶዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ብቻውን ወረቀቱ ላይ ይዞራል፣ ጥርስ እንደሚያወጣ።

የ"17"ን ወረቀት አልጣልናትም። ከባቡሩ ጥራዝ መጨረሻ ላይ በአራት ቅንጣቢ ለጥፈን ሥሩን ባዶ ተውነው። ባለፈው ወር ገጹን ስገልጥ ግን ባዶ አልነበረም። ትንሹ ልጄ ማንንም ሳይጠይቅ በእነዚያ ግዙፍ ፊደሎቹ ጽፎበታል፦ "አባባ ይኼን ታውቀው ነበር።"

አባቴም አይተውታል መሰለኝ። ከሥሩ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ አንድ ቃል ተጨምሯል፦ "አዎ።"